የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፤ ጫማዬም ገና አልደረቀም።

ጳጉሜ 3 ሱሉልታ ነበርኩ። እንጦጦን አልፋችሁ ስትወርዱ የምታገኙት ሜዳ ላይ፤ በክረምት ግማሹ ረግረግ ነው። ከጓደኛዬ የሩቅ ማያ መነጽር ተውሼ፣ ወፍ ሳይ ልዋል ብዬ ወጣሁ። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ትንሽ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። ወፍ እያየሁ ነው ስለው ሳቀብኝ። ምን ያድርግ፣ እሱ በየቀኑ ያያቸዋል።

ያሳየኝም እሱ ነው። ሳር ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ፣ ከሰል የመሰለች፣ ወገቧ ላይ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ። ላባዋን ነፍታ ኳስ ታክላለች፣ ብር ትላለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። የመስቀል ወፍ! ሰው ይህን ስም ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል፤ ለእኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ይቺ ናት።

ከሆነ አገር መጥታ የምትመለስ ይመስለኝ ነበር። «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» እያልን ስንቱን ዘመድ አምተናል! ቤት ገብቼ ሳነብ ለካ የትም አትሄድም። ደግሞ «ይቺ» እላለሁ እንጂ ወንድ ነው። በክረምት ሚስት ፍለጋ ይሽቀረቀራል። ዝናቡ ሲያበቃ ጥቁሩን ላባ ይጥልና ቡናማ ይለብሳል። ከድንቢጥ አትለዩትም። በጋውን ሙሉ ፊታችን እህል ሲለቅም ማንም ልብ አይለውም። የወገቡ ቢጫ ግን አይጠፋም፤ ክንፉ ይሸፍነዋል፣ ብድግ ሲል ብቻ ብልጭ ይላል።

ኩሬው ዳር የውሃ ተርብ ነበር። እኛ ሰፈር ስሙ ሄሊኮፕተር ነው። ጭራው ላይ ክር አስረን እናበርረው ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለን። አንዱ ቄጠማ ላይ ሲያርፍ ክንድ እስኪቀረኝ ተጠጋሁት። አራት ክንፍ፣ እንደ ስስ ላስቲክ፣ ጅማቱ ሁሉ ይቆጠራል። ትንኝ አለፈች። ተነሳ፣ ያዘ፣ እዚያው ቄጠማ ላይ ተመልሶ ማኘክ። ልጅነቱንም ውሃ ውስጥ የሚያሳልፈው የትንኝ እጭ ሲበላ ነው።

ወደ ሰባት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ገና መፈንዳት የጀመረው አደይ አበባ ላይ ሲርመሰመሱ የነበሩት ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች ድንገት የሉም። ተንበርክኬ ስፈልግ አንዷን ከቅጠል ስር አገኘኋት። ክንፏን ገጥማ ተንጠልጥላለች፤ ብርቱካኑ ተደብቆ ደረቅ ቅጠል መስላለች።

እኔም መጠለያ ፍለጋ ስሮጥ፣ ያ ልጅ ሸሚዙን አውልቆ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዝናቡ መሃል ቆሟል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው! ጠበል ይሸሻል እንዴ?»

መነጽሩን በፌስታል ጠቀለልኩና ኮፍያዬን አወለቅኩ።