አፕዴቱና የግቢያችን ሌባ

ቢኒያም፦ ሰላም ሰላም! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ቃል በገባነው መሠረት ስለ አንድሮይድ 15 ነው የምናወራው። ሳምሰንግ ለያዛችሁ ዋን ዩአይ 7 ማለት ነው፤ ሳምሰንግ አንድሮይድን የራሱን መልክ አልብሶ የሚያወጣው። ምን አዲስ ነገር ይዞ መጣ? አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊትስ ምን ታደርጋላችሁ? ሀኒ፣ የሞከርሽው አንቺ ነሽ። ጀምሪልን።

ሀና፦ እሺ። የሞከርኩት ግን በእማዬ ስልክ ነው።

ቢኒያም፦ በእናትሽ?

ሀና፦ አዎ። ጋላክሲ ኤ54 ነው፣ ታላቅ ወንድሜ ከዱባይ የላከላት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቡና እየተፈላ፣ «ይሄ ስልክ በየቀኑ አንድ ነገር ይለኛል፣ እስቲ ምን እንደሚፈልግ እይልኝ» አለችኝ። ሳየው አፕዴት ነው። ለካ በመጣ ቁጥር «በኋላ» የሚለውን እየነካች ስታሳልፈው ነው የከረመችው።

ቢኒያም፦ ጎበዝ ናቸው! እኔ ሁሌ የምለው ይሄንን ነው። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ሀና፦ እሱ ላይ አንስማማም። እንመለስበታለን። መጀመሪያ ፎቶዎቿን ባክአፕ አደረግኩ። የልጅ ልጆቿ ፎቶ ነው፣ አንዱ ቢጠፋ ቤት አልገባም። ከዚያ ቻርጀር ላይ ሰካሁት፣ ዋይፋይ አገናኘሁት። እማዬ «መብራት ቢሄድስ?» አለች።

ቢኒያም፦ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ሀና፦ መብራት ቢሄድ ራውተሩ ነው የሚጠፋው። ማውረዱ ካቆመበት ይቀጥላል። ዋናው ነገር ወርዶ አልቆ መጫን ሲጀምር ባትሪው በቂ መሆኑ ነው። ስለዚህ ቻርጅ ሞልቶ ይጀመር። ደግሞ በሞባይል ዳታ አታውርዱት፤ በጊጋባይት የሚቆጠር ፋይል ነው፣ ጥቅላችሁን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል።

ቢኒያም፦ ወይም የሌሊት ጥቅል መግዛት።

ሀና፦ እሱም ያዋጣል። እና ስልኩ ጠፍቶ ተነሣ። እማዬ ያዘችው፣ ከላይ ወደ ታች ጎተት አደረገች፣ ደነገጠች። «መልእክቶቼ የሉም!»

ቢኒያም፦ ጠፍተው?

ሀና፦ የት ይጠፋሉ! ዋን ዩአይ 7 ላይ ከላይ የሚወርደው መጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ ስትጎትት ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ባትሪ መብራት፣ እነሱ ይወርዳሉ። ሌላው ጋ ስትጎትት ደግሞ ኖቲፊኬሽን። እማዬ በቀኝ አውራ ጣቷ ነው የምትጎትተው። ሁልጊዜ የሚመጣላት የቀኙ ነው። መልእክቱ ግን እዚያው በግራ በኩል ቁጭ ብሏል።

ቢኒያም፦ እኔ ግን ተለያይተው ሳያቸው ደስ ብሎኛል። የጓደኛዬ ስልክ ላይ ነው ያየሁት። ንጹሕ ነው።

ሀና፦ ለአንተ ንጹሕ ነው። አንድ ሰው ለዓመታት በለመደው እጁ የሚያደርገውን ነገር ስትቀይርበት፣ ቢያንስ መጀመሪያ ሊጠየቅ ይገባል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። መመለስ ግን ይቻላል። በቀኝ በኩል ያለውን ታወርዳላችሁ፣ የእርሳስ ምልክቷን ትነካላችሁ፣ «ፓነል ሴቲንግ» ትገባላችሁ፣ «ቱጌዘር» የሚለውን ትመርጣላችሁ። አለቀ። እንደ ድሮው አንድ ላይ ይወርዳል። እናትና አባታችሁ ስልክ ላይ አፕዴት የምታደርጉ፣ ይሄንን ሳታስተካክሉ እንዳትሄዱ።

ቢኒያም፦ እሺ ተመዝግቧል። ሌሎቹ አዲስ ነገሮችስ?

ሀና፦ ወደ ሌባው ልምጣ።

ቢኒያም፦ የምን ሌባ?

ሀና፦ የኛ ቤት ሌባ! ቢኒ፣ ይሄንን ሳልናገር ሌላ ነገር ማውራት አልችልም። ጉግል ስልክ ተነጥቆ ሲሮጥ የሚያውቅ ነገር ሠርቷል። «ቴፍት ዲቴክሽን ሎክ» ይባላል። 2024 ላይ ነው ያስተዋወቁት፣ መጀመሪያ የሞከሩት ብራዚል ውስጥ ነው። ስልኩ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር አለ አይደል? ስክሪኑ ክፍት ሆኖ እያወራህበት ወይም እያነበብክበት እያለ አንድ ሰው ላፍ አድርጎት በሩጫ ወይ በሞተር ሲሄድ፣ ያንን ድንገተኛ እንቅስቃሴ ይለየዋል። ወዲያው ስክሪኑን ይቆልፈዋል።

ቢኒያም፦ ማለት ሌባው የተቆለፈ ስልክ ነው ይዞ የሚሄደው።

ሀና፦ በቃ! የባንክ አፑ፣ ቴሌብሩ፣ ፎቶው፣ ሁሉም ተዘጋበት። እኛ አገር ስልክ እንዴት እንደሚነጠቅ ታውቃለህ። ታክሲ መስኮት ላይ። መንገድ ዳር እያወራህ። ስልኩን ራሱን ማጣት ያማል፣ ግን ክፍት ሆኖ መሄዱ ነው ትልቁ ጉዳት።

ቢኒያም፦ እውነት ነው። የሞባይል ገንዘቡ ነው የሚያስፈራው።

ሀና፦ እና ይሄንን መቆለፊያ እማዬ ስልክ ላይ ኦን አደረግኩላት። ትንሹ ወንድሜ «እንሞክረው» አለ። ሳሎን ውስጥ ከእጇ ነጠቀና ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ ምንም። ቦታው ይጠብባል፣ ሩጫ አይደለም። ግቢ ወጣን። እማዬ ነጠላዋን እንዳደረገች መሐል ግቢ ቆመች፣ ስልኩን ከፍታ የልጅ ልጇን ፎቶ እያየች። ወንድሜ ከኋላ መጣ፣ መንጭቆ ወደ በሩ ተፈተለከ።

ቢኒያም፦ እሺ?

ሀና፦ እማዬ እንደሚመጣ እያወቀች፣ ራሷ ተስማምታ፣ ከልቧ ደንግጣ «ሌባ! ሌባ! ያዙት!» ብላ ጮኸች።

ቢኒያም፦ (ሳቅ) በስመ አብ!

ሀና፦ ጎረቤታችን ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ወንድሜ በሩ ላይ ደርሷል፣ ከዘራው ተነሥቷል፣ «እኔ ነኝ ጋሼ! አፕዴት እየሞከርን ነው!» ይላል።

ቢኒያም፦ አፕዴት እየሞከርን ነው! (ሳቅ) ይሄ የዛሬው ርዕሳችን ይሁን። ተመታ እንዴ?

ሀና፦ ለጥቂት ተረፈ። እና ስልኩን ተቀብዬ ሳይ፣ ቢኒ፣ ተቆልፏል። ስክሪኑ ላይ ለደኅንነት ሲባል እንደተቆለፈ ጽፏል። እማዬ ራሷ ካልከፈተችው ማንም አይገባም። ጋሼ ቡና ሊጠጡ ገቡና የኔንም ስልክ እንዲህ አድርጊልኝ አሉኝ።

ቢኒያም፦ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ነው?

ሀና፦ አይደለም። ሳሎን ውስጥ አልሠራም አልኩህ እኮ። ቀስ ብሎ ከኪስህ የሚያወጣውን ላይለየው ይችላል። ለዚያ ሌላ መቆለፊያ አለ። ሌባው ስልኩን ከኢንተርኔት ቆርጦ ሲያቆየው ስክሪኑ ራሱን ይቆልፋል። ሦስተኛም አለ። በሌላ ሰው ስልክ የጉግልን የመቆለፊያ ገጽ ከፍተህ፣ ስልክ ቁጥርህን አስገብተህ ከሩቅ ትቆልፈዋለህ። ለዚህኛው ግን የተነጠቀው ስልክ ኢንተርኔት ላይ መሆን አለበት።

ቢኒያም፦ አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ትልልቅ ሰዎች ስልካቸውን መቆለፍ አይወዱም። ፒን ይረሳሉ። አንድ ነገር ቢሆኑ ደግሞ ሰው ስልካቸውን ከፍቶ ለልጆቻቸው መደወል አለበት። እኔ አባቴን ቆልፍ አልለውም።

ሀና፦ እማዬም ያንኑ ነው ያለችው። «ቆልፌ ረስቼው ውጭ ልቅር?» ያለ ስክሪን መቆለፊያ ደግሞ ይሄ ነገር አይሠራም። ስለዚህ ፒን ሞላን፣ ቀጥሎ የጣት አሻራ። አሻራው አልያዘላት አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ሊጥ ያቦካችበት፣ እንጀራ የጋገረችበት ጣት ነው። ቆዳው ለስልሷል፣ መስመሩ ጠፍቷል። አምስት ጊዜ ስትሞክር ስድስት ጊዜ «ድገሚ» ይላታል።

ቢኒያም፦ የአባቴም እንደዚያው ነው።

ሀና፦ መላ አለው። ያንኑ አውራ ጣት ሁለት ጊዜ መዝግቡት፤ እንደ ሁለት የተለያየ ጣት። አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ በጎኑ በኩል። እጅ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ። ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ይከፍትላታል። ለአደጋ ጊዜ ደግሞ ስልኩ ተቆልፎም ቢሆን የምትደውልለትን ሰው አስቀድመህ መመዝገብ ትችላለህ።

ቢኒያም፦ እሺ... አባቴን እጠይቀዋለሁ። ቃል አልገባም።

ሀና፦ እስቲ ጠይቀው። እዚህ ድረስ ከመጣህም ጥሩ ነው።

ቢኒያም፦ አሁን የኔን ልንገርሽ። አፕዴት ስል ሁሌ ትዝ የሚለኝ ሳጥኑ ነው። የመጀመሪያ አንድሮይዴ ላይ አማርኛ ሲጻፍልኝ ሳጥን ሳጥን ነበር የሚመጣው። ሰው ፌስቡክ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ይጽፋል፣ እኔ የማየው አሥር ሳጥን።

ሀና፦ ወይኔ! ኦፔራ ሚኒ!

ቢኒያም፦ ኦፔራ ሚኒ! ብራውዘሩ አድራሻ ላይ «ኦፔራ ኮንፊግ» ብለሽ ትገቢና፣ ቢትማፕ ፎንት የምትለዋን «የስ» ታደርጊያለሽ። ፊደሉን እንደ ሥዕል አድርጎ ከሰርቨር ይልክልሻል። ዳታ ይበላል፣ ግን ታነቢያለሽ። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ የያዝኩት ስልክ ላይ ፊደሉ አብሮት መጣ። የእናቴን መልእክት ሳጥን ሳይሆን «ልጄ» ብሎ ሳየው... በቃ፣ ያን ቀን ነው አፕዴት የገባኝ።

ሀና፦ ይሄንን እያወቅክ ነው ሁለት ሳምንት ጠብቁ የምትለው?

ቢኒያም፦ እጠብቃለሁ! አዲስ ቨርዥን ስሕተት አያጣውም። ሰው ይሞክረው፣ ይስተካከል፣ ከዚያ እኔ እገባለሁ።

ሀና፦ እኛ ጋ እስኪደርስ እኮ ብዙ ተጠብቋል። ጉግል የአንድሮይድ 15ን ኮድ የለቀቀው በፈረንጆቹ መስከረም 2024 መጀመሪያ ላይ ነው። የጉግል የራሱ ስልኮች፣ ፒክስሎቹ፣ ጥቅምት ላይ አገኙት። ሳምሰንግ በነባር ስልኮቹ ላይ መልቀቅ የጀመረው ሚያዝያ 2025 ነው፣ እሱም በውዶቹ ጀምሮ። ሳምሰንግ የራሱን መልክ ያለብሰዋል፣ ለየስልኩ ይሞክረዋል። የእማዬ እስኪመጣ ስንት ወር! ሌላ ሁለት ሳምንት ምን ይጨምራል?

ቢኒያም፦ ለትልቁ ቨርዥን ነው የምለው። የየወሩን የደኅንነት አፕዴት ወዲያው ነው የማደርገው።

ሀና፦ እሱ ላይ ተስማማን። ትልቁን ግን አሁንም አልተቀበልኩህም። ደግሞ ከአፕዴት በኋላ ባትሪው ለአንድ ሁለት ቀን ቶሎ ካለቀ አትደንግጡ። ስልኩ አፖቹን እንደገና እያስተካከለ ነው።

ቢኒያም፦ ሰዓታችን እየሄደ ነው። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ።

ሀና፦ የማትጠቀሙበትን አፕ ሳትሰርዙ «አርካይቭ» ማድረግ ይቻላል። ቦታ ይለቃል፣ መረጃችሁ ይቀመጣል። መቆለፊያ ስክሪኑ ታች «ናው ባር» አለ። እማዬ ድፎ ዳቦ ስትጋግር ሰዓት ሞልታ ስልኩን ሳትከፍት ስንት ደቂቃ እንደቀራት ታያለች። እሱን ወዳዋለች። ባትሪው 80 በመቶ ላይ ቻርጅ እንዲያቆም ማድረግም አለ፤ እስከ 95 ድረስ መምረጥ ትችላላችሁ።

ቢኒያም፦ እኔን የቆጨኝ የኔ ስልክ ነው። አንድሮይድ 12 ላይ ቆሟል። ከዚህ በኋላ አፕዴት አይመጣለትም። የሌባውን ነገር ሳላገኝ ልቅር ነው?

ሀና፦ አምጣው እስቲ። ቢኒ፣ ይሄ ነገር ከትልቁ አፕዴት ጋር አይደለም የሚመጣው። ስልኩ ውስጥ ለብቻው አፕዴት በሚደረገው በጉግል ፕሌይ ሰርቪስ በኩል ነው፤ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ይሠራል።

ቢኒያም፦ አትቀልጂ።

ሀና፦ ሴቲንግ ግባ። «ጉግል» የሚለውን ንካ። «ኦል ሰርቪስስ» ካለ እሱ ውስጥ። «ቴፍት ፕሮቴክሽን» ፈልግ።

ቢኒያም፦ ቆይ... ቴፍት... ኧረ አለ! እዚሁ ነበረ! ስንት ጊዜ ነው በዚህ በኩል ያለፍኩት?

ሀና፦ ክፈተው። የመጀመሪያውንም፣ ኦፍላይን የሚለውንም። ጨረስክ? አሁን ተነሥና ኮሪደሩ ላይ ቁም፤ ስክሪኑን ክፍት አድርገህ ያዘው።

ቢኒያም፦ አሁን? ፕሮግራሙ መሐል?

ሀና፦ አሁን። በሩን ክፈትልኝ። ብቻ ሌባ ብለህ እንዳትጮህ፣ ታች ጥበቃው አለ።