መስኮቴ ላይ ያለችው ሃይላንድ

እሺ፣ መቅዳት ጀምሯል። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። እና ያቺ ሃይላንድ ፊቴ አለች። ከጉማራ ወንዝ ድልድይ ስር ውሃ የሞላሁባት። አስራ አንድ ቀኗ ነው፣ እስካሁን አልጠራችም።

አሸዋው ወዲያው ነው የወረደው። ማታውን ደግሞ ለስለስ ያለ ደለል ከላዩ ተኛ፣ የጣት ውፍረት ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ግን አሁንም ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። በጣም ደቃቁ የሸክላ አፈር እንዲህ ነው፣ ለብዙ ቀን ተንሳፎ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ከቡናዬ በፊት እሷን ነው የማየው።

አጎቴን ለዓይናቸው ሕክምና ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ይዣቸው እየወረድኩ ነበር። ወረታን አልፈን ጉማራ ድልድይ ጋ ስንደርስ ከብት መንገዱን ዘጋው። ፎገራ ነው እንግዲህ፣ ከብቱ አይቸኩልም። ሐምሌ ነው፣ ወንዙ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። በመስኮት አየሁና «ኤጭ፣ ውሃው እንዴት ይቆሽሻል!» አልኩ። እንዲሁ ከአፌ የወጣ ነገር ነው። አጎቴ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

«ቆሻሻ አትበይ ልጄ። መሬቴ ነው» አሉ።

በቃ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከብቱ አለፈና ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ነው «ቆይ አንዴ» ብዬ የወረድኩት፣ ሃይላንዷን ይዤ። ለምን እንደወረድኩ እስካሁን በደንብ አልገባኝም።

ድምፃቸውን ደጋግሜ አስታውሰዋለሁ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። መንገድ ላይ የሚያውቁትን ሰው አግኝተው የሚያስተዋውቁኝ ነው የመሰለኝ። ደግሞ እኮ ዓይናቸው ደህና አያይም። ወንዙን ያዩት ይመስላችኋል? እኔ እንጃ። ምናልባት ድምፁን ሰምተው ይሆናል፤ ምናልባት ወሩን ማወቅ ይበቃቸዋል።

ምክንያቱም ወሩ ራሱ ይናገራል። ጉማራ የሚነሳው ከጉና ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና ደግሞ 1,800 ገደማ። ይሄን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር መንገድ ነው የሚወርደው። እና ዝናቡ የሚጀምረው መቼ ነው? መሬቱ ራቁቱን ሲሆን። ጤፍ ደቃቅ ናት፣ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ መሬቱ እስኪልም ይለሰልስላታል። የላላው አፈር ላይ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት ጠብታው ራሱ አፈሩን ይፈነቅለዋል፣ ጎርፉ ደግሞ የተፈነቀለውን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው ወንዙ ከሁሉ በላይ የሚደፈርሰው በክረምቱ መግቢያ እንጂ ውሃው ከሁሉ በላይ ሲበዛ ያልሆነው። ወደ መስከረም አዝመራው መሬቱን ይሸፍነዋል። የሚሄደውም ሄዷል።

ልጅ ሆነን የጳጉሜ ሩፋኤል ዕለት በዝናቡ ተጠምቀን ወደ ወንዝ ስንወርድ ውሃው ጠራ ብሎ እናገኘው ነበር። ሩፋኤል የሚያጠራው ይመስለኝ ነበር። አሁንም አይደለም ብዬ አልከራከርም።

ከአጎቴ ማሳ ማዶ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽድና ወይራ ከቦታል። ከሥሩ ያለችው ምንጭ በሐምሌም ጥርት ያለች ናት፣ ጠጠሯ ይቆጠራል። ያው ዝናብ ነው። ያው ተራራ ነው። ደኑ ስር ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ማሳው ላይ ደግሞ ይንደረደራል።

እና አጎቴ ማሳቸው ላይ ፈሰስ ያወጣሉ፣ የውሃ ማስወጫ ቦይ ማለት ነው። ፈሰሱ ባይኖር ውሃ ተኝቶ ሰብሉን ያበላሽባቸዋል፤ ሲኖር ደግሞ ውሃው በዚያ ቦይ ተሰብስቦ ጉልበት አግኝቶ ይወርድና ታች ቦረቦር ይከፍታል። በየጥሩ ደግሞ ከሰፈሩ ሰው ጋር ወጥተው እርከን ይሠራሉ፣ ድንጋይ ይሸከማሉ፣ በዚያ ዕድሜ። ሁለቱንም የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ጥፋት ነው ልበል? ማንን ልወቅስ? ይሄን ሳስብ ነው የሚደክመኝ።

አባይ አፈራችንን ዘርፎ ሄደ ሲባል ስሰማ ያናድደኛል። አባይ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ሲወጣ እኮ ብዙውን ጭቃ ሐይቁ አስቀርቶታል። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል አባይ የሚያመጡት ጭቃ አብዛኛው እዚያው ይተኛል፤ ሐይቁ ነው የሚደፈርሰው። አባይ እንደገና የሚደፈርሰው ታች ነው፣ በሽሎና ጀማ እየገቡበት። ሱዳን ሲደርስ ከውሃው የጣና ድርሻ ከአስር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሱዳን ያለውን የሮዘሬስ ግድብ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1966 ተሠራ፣ ደለል ከሚይዘው ውሃ ሲሶ ያህሉን ቦታ በላበት፣ በ2013 በ10 ሜትር ከፍ አደረጉት። የማን ማሳ ነበር እዚያ የተኛው? የሆነ ሰው ያረሰው ነው እኮ። አምስት ጊዜ ያረሰው።

በሌላ በኩል ደግሞ ፎገራ አለ። ያ ሁሉ ሩዝ የቆመው ከላይ በወረደ አፈር ላይ ነው። የአጎቴ አያት ማሳም እዚያ ውስጥ ይኖራል። ይሄን ብነግራቸው ደስ ይላቸው ይሆን ወይስ... አልነገርኳቸውም። ወንዙም መተኛውን በደለል እየሞላ ከአፉ ይወጣና ሰው ቤት ይገባል፣ ስለዚህ እሱም መጽናኛ አይሆንም።

ትናንት ደወሉ። ዓይናቸው ትንሽ ተሽሏቸዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ «ጠራልሽ ወይ?» አሉኝ። ሃይላንዷን ማለታቸው ነው። «አልጠራም ጋሼ» አልኩ። «አትነቅንቂው እንግዲህ» አሉ።

እኔን ግን የጨነቀኝ ከጠራ በኋላ ነው። ውሃውስ ይደፋል። ታች ያለውን ምን ላድርገው? መታጠቢያው ውስጥ ልለቀው ነው? አበባ መትከያው ላይ ላድርገው ብዬ አንዴ ከፈትኩትና መልሼ ዘጋሁት። በጥር ስሄድ ይዤው ልውጣ ይሆን ብዬም አስባለሁ፣ ግን አንድ ጭብጥ አፈር ይዤ ማሳቸው ላይ ስቆም ምን እላቸዋለሁ... አላውቅም። ቆይ፣ ፀሐይዋ አሁን መታቻት። ላይ በኩል ትንሽ ገለጥ ያለች መሰለኝ።