በጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር የእናንተ ቁጥር አይደለም

(ኮምቦልቻ ላይ ለፒክአፕ ባለንብረቶችና ሹፌሮች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ።

የተጠየቅኩት ስለ መንገድ ደህንነት እንድናገር ነበር። ስለ ቀበቶ፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ፍሬን። እሱን ከኔ የተሻሉ ሰዎች ይነግሯችኋል። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ጎማ ንፋስ። በተለይ የፋብሪካውን ጎማ አውልቀን በምናስገባው በዚያ ወፍራም ጎማ ውስጥ ስለምንሞላው ንፋስ።

ደጅ ከቆሙት ፒክአፖች ስንቱ ነው ከፋብሪካ በመጣበት ጎማ የሚሄደው? ጥቂት ነው። ለምን እንደምንቀይርም አውቃለሁ። ወገል ጤናና ተንታ የሚመላለስ ሰው ስስ ጎማ አይበቃውም። ድንጋዩ ጎኑን ይቀደዋል። መቀየሩን አልቃወምም። የሚያንገበግበኝ ከተቀየረ በኋላ የሚሆነው ነው።

የእህቴ ልጅ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለው። ባለፈው ክረምት አዲስ ጎማ ገዛ። ባለ 10 ፕላይ የሚባለውን፣ ለከባድ ጭነት የተሠራውን፤ ልኬቱ 265/75 አር 16። ጎማውን የገጠመለት ሰው ጎኑን አየ። 80 ፒኤስአይ ይላል፤ ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው፣ የምጠራው የንፋስ ቁጥር ሁሉ በሱ ነው። 80 ሞላለት። «ምን ትጭናለህ?» ያለው የለም። «ወዴት ትሠራለህ?» ያለው የለም። ገንዘቡን ተቀብለው ሸኙት።

መኪናው እንደ ጋሪ ያንገጫግጨው ጀመር። ሲጠይቅ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል» አሉት። አንድ ቀን ባዶውን ከደሴ ሐረጎን ሲወርድ ዝናብ ያዘው። ኩርባው ላይ ፍሬን ሲነካ የኋላው ሸሸ። መንገዱ ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመ። ንፋስ የበዛበት ጎማ መሃሉ ይወጣል፤ አስፋልቱን የሚይዘው መሃሉ ብቻ ይሆናል። ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ከኋላ ቀላል ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ እርጥብ መንገድ ላይ የሚሆነውን ታውቃላችሁ።

ልጁ ፈራ። ሰኞ ለገበያ ባቲ ሲወርድ ጎሚስታ ጋ ቆመ። ቀትር ነው፤ ጎማው ግሏል። «ወጥሮብኛል፣ ቀንስልኝ» አለ። ጎሚስታው መለኪያ አልነበረውም። ቫልቡን ተጭኖ አፈሰሰ፣ በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ «አሁን ልክ ነው» አለ። ስንት እንደቀረ ሁለቱም አያውቁም። በማግስቱ ያው መኪና እህል ሞልቶ ወደ ሚሌ ወረደ። ከባቲ በታች፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት፣ የኋላ ቀኙ ከጎኑ ፈነዳ። ረዳቱ ክንዱን ተሰበረ። እህሉ አስፋልት ላይ ተዘራ። የሚያልፈው ሹፌር ሁሉ እየቆመ «አብሽር፣ ነፍስ ተርፏል» አለው። እውነት ነው፣ ነፍስ ተርፏል። ግን እስከ መቼ ነው በአብሽር የምንሄደው?

አያችሁ፣ አንድ ጎማ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ በበዛ ንፋስ ሊገድለው ነበር፤ ቀጥሎ ባነሰ ንፋስ። ያነሰው ደግሞ የባሰ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ ሽቦና ክሩ ያላቅቀዋል። ሹፌሩ ምንም አያይም። የሚሰማው ሲፈነዳ ነው።

አሁን ወደዚያ 80 ልመለስ። በጎማው ጎን ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያ ጎማ 1,550 ኪሎ የሚሸከመው በ80 ነው ይላል። የአንዱ ጎማ የመጨረሻ አቅም ነው። በአራት አባዙት፣ 6,200 ኪሎ። ሃይሉክስ ሰውና ጭነቱን ሞልቶ ከ3,000 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ታዲያ ለማን ነው 80 የምንሞላው? ያው ጎማ በ65 ወደ 1,360፣ በ50 ወደ 1,120 ኪሎ ይሸከማል። ንፋስ የሚመረጠው በክብደት ነው። ይኸው ነው ነገሩ!

«የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን እከተላለሁ» የምትሉም አላችሁ። ወረቀቱ በብዙ ፒክአፖች ለባዶ 30 አካባቢ ይላል። ግን የተጻፈው ከፋብሪካ ለመጣው ጎማ ነው። አዲሱ ጎማ ከልኬቱ ፊት «ኤልቲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉት የጭነት መኪና ዓይነት ነው። ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከቀላሉ ጎማ ከ10 እስከ 15 የሚደርስ ተጨማሪ ንፋስ ይፈልጋል። ስለዚህ የበሩ ቁጥር ወለል ነው፤ ከሱ በታች በአስፋልት አትሂዱ። የጎኑ ቁጥር ጣሪያ ነው። የእናንተ ቁጥር በሁለቱ መካከል ነው።

እንዴት ይገኛል? የከባድ መኪና ሚዛን ባገኛችሁበት የፊትና የኋላውን ለየብቻ አስመዝኑ፤ አንዴ ባዶውን፣ አንዴ እንደ ልማዳችሁ ጭናችሁ። የጎማው አምራች የክብደትና የንፋስ ሰንጠረዥ አለው፤ ከሻጩ ጠይቁ። እኔ ለእንደዚህ ዓይነት ጎማ ባዶ ሃይሉክስን በ35 እጀምራለሁ። ሲጫን የኋላውን 45 አደርሳለሁ። ከዚያ ጠመኔ። በጎማው ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አስምሩ፣ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ጥቂት ንዱና ውረዱ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ በዝቷል። ዳርና ዳሩ ከጠፋ አንሷል። ጠመኔው ግን ከሰንጠረዡ በታች እንድትወርዱ ፈቃድ አይሰጥም።

ሁልጊዜ በቀዝቃዛው ለኩ። ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ ጎማ ማለት ነው፤ ጠዋት ከሁሉ ይሻላል። መንገድ ላይ ሲግል ከ4 እስከ 6 መጨመሩ ጤነኛ ነው። አታፍስሱት! ከዚያ እጅግ ከጨመረ ሲነሳ አንሶት ነበር ማለት ነው። መፍትሔው ማታ ሲበርድ መጨመር ነው እንጂ ቀትር ላይ ማፍሰስ አይደለም።

«ደሴ ሞልቼ ሚሌ ስወርድ ልቀንስ ወይ?» የሚለውን ክርክር ሻይ ቤት ሁሉ እሰማለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሚሌ 500 አካባቢ። በዚያ ቁልቁለት የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው በ3 ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። በየ5 እና 6 ዲግሪው ሙቀት ደግሞ 1 ገደማ ይጨምራል። የሚሌ ሙቀት ከደሴ በ15 ዲግሪ ሲበልጥ ያንኑ 3 ይመልሰዋል። ሁለቱ ተካካሱ። ስለዚህ ምንም አትንኩ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ክብደት ሳይጠይቅ ጎማ የሚሸጥ ሰው ጎማ አይሽጥ! መለኪያ የሌለው ጎሚስታ ኮምፕረሰሩን ያጥፋ! አንድን ጎማ ሁለት ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አስለኩት፤ የአንዱ 35 የሌላው 42 ሲሆን ታዩታላችሁ። እኛም አለንበት። «ስንት ልሙላ?» ሲለን «እንደ ሌላው» እንላለን። የትኛው ሌላው? ያ ሲሚንቶ የጫነው? ወይስ ያ ሚስቱን ሐኪም ቤት የሚወስደው? የሞባይል ካርድ ስንሞላ ሳንቲሟን እናውቃለን። ቤተሰባችንን የሚሸከመውን ጎማ ግን በእግር መትተን እንሄዳለን! ይህ ማህበር አንድ የተፈተሸ መለኪያ ይግዛ። ውድ አይደለም። አባል ሁሉ የራሱን በሱ ያስተያይ።

የቀሩትን ቶሎ ልበል። ጭቃና ኮረኮንች ላይ ወደ 25 መቀነስ ይቻላል፣ ግን በዝግታ፤ አስፋልት ስትወጡ መልሱ። ተራው የላስቲክ ቫልብ ከ65 በላይ ለሆነ ንፋስ አልተሠራም። ትርፍ ጎማውንም ለኩ።

ለነገ ከአስተባባሪዎቹ ጋር ተነጋግረናል። ዛሬ ማታ መኪናችሁን እዚሁ ግቢ ተዉት፤ ጥበቃ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ማንም ሞተር ሳያስነሳ፣ የእያንዳንዱን እንለካለን። ሊብሬያችሁን ይዛችሁ ኑ። ጠመኔና መለኪያ በኔ በኩል ነው። አመሰግናለሁ።