የሞተሬ ሆድ ተበሳ፣ በምን ልድፈነው?

ስለ ጀልባ ሞተር ደውላችሁ ሰዓት ያልበቃን ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ግማሾቻችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ስለሆነ እኔም አንድ ነገር ብደጋግም አትታዘቡኝ።

ከዘጌ፦ ጋሼ፣ ባለ 40 ፈረስ ያማሃ ነው፣ ቱ ስትሮክ። ክራንክኬዙ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አገኘሁ። ሞተሩ ግን ይሠራል። ችግር አለው?

ችግሩማ መሥራቱ ነው። የቱ ስትሮክ ክራንክኬዝ፣ ማለትም ዋናው ዘንግ (ክራንኩ) የሚሽከረከርበት የሞተሩ ሆድ፣ እንደ መኪና ኮፓ ዘይት የሚጠራቀምበት ዕቃ አይደለም፣ የሞተሩ ሳንባ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየርና ቤንዚን ከካርቡራተር ይስባል፣ ሲወርድ ያንኑ ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ይልከዋል። በቀዳዳዋ ትርፍ አየር ከገባ ቤንዚኑ ይሳሳል። ዘይቱም የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ እሱም ያንሳል። ሲሊንደሩ ይግላል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይነጣል፣ አንድ ቀን ሐይቁ መሃል ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል። ዛሬውኑ አቁመው።

ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የጎደለችው ቁራጭ የት ሄደች? ጠርዙን በጣትህ ዳብሰው። ወደ ውጭ ከተገለበጠ የመታው ነገር ውስጥ ነው፣ ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ወይም ኩሽኔታ (ክራንኩ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቁራጯ እዚያው አለች፣ ከድብልቁ ጋር ተስባ ፒስተኑን ትፍቀዋለች። ቁራጯን ሳታገኝ አትድፈን።

ከሐዋሳ፦ ለጊዜው በሳሙና ብደፍነውስ?

የአውቶቡስ ሾፌር የነዳጅ ታንክ በሳሙና ደፍኖ አገሩ እንደገባ እኔም ሰምቻለሁ። ታንክ ግን አይተነፍስም። ይሄ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይተነፍሳል። አይሆንም።

ሲሊኮንስ?

ተራውን ሲሊኮን ቤንዚን ይበላዋል።

ከባሕር ዳር፦ ጎረቤቴ የአርጎን ብየዳ አለው፣ በ10 ደቂቃ እበይድልሃለሁ አለኝ። በቤንዚን አጥቤ ልውሰድለት?

"በቤንዚን አጥቤ" ስትል ፀጉሬ ቆመ። ልጄ፣ ቁጭ በልና ስማኝ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ሽቅብ አይሄድም፣ ዕቃው ሥር ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ሰው "ባዶ ነው" ብሎ ይደፍራል፣ ባዶው ነው እኮ የሚፈነዳው! የኔው ቤት አንድ ልጅ "ከትናንት ጀምሮ ደርቋል" ያለውን ታንክ ሊበይድ እሳት ሲያስጠጋ ክዳኑ ተፈናጥሮ የቆርቆሮ ጣሪያዬን ቀዶ ወጣ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ስለነበር ቅንድቡ ብቻ ነው የተቃጠለው። ጣሪያው ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል፣ እኔም ሆን ብዬ አላስደፈንኩትም። አዲስ ልጅ ሲመጣ ወደ ላይ አሳየዋለሁ።

እሳቱ ቢቀር እንኳ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ዝም ብሎ ይናዳል። ዘይት የጠጣ ከሆነ ብየዳው አረፋ ይሠራል። ደግሞ የክራንክኬዙ ሁለት ግማሾች ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ታስረው የተቦረቦሩ ናቸው። በሙቀት ትንሽ ከተጣመሙ የኩሽኔታው መቀመጫ ይዛባል። ከሌላ ሞተር አንዱን ግማሽ አምጥቼ ልግጠም ማለትም አይሠራም፣ ጥንድ ናቸው። እንግዲህ ብየዳ ካስፈለገ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ አሉሚኒየም የለመደ በያጅ ይሥራው። የ10 ደቂቃ ሥራ አይደለም።

ከአርባ ምንጭ፦ ታዲያ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ብደፍነው ይይዛል?

ቀዳዳዋ ትንሽ ከሆነች፣ ከኩሽኔታውና ከመጋጠሚያው ራቅ ብላ ሜዳው ላይ ካለች ይይዛል፣ ዓመታት የቆየ አውቃለሁ። ሞተሩ ይፈታ (ቁራጯን አስታውስ)። ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትገው፣ በአሴቶን ጥረገው፣ ከዚያ በእጅህ አትንካው፣ የጣት ቅባት ይበቃዋል ለማስለቀቅ። ሁለቱን ቱቦ እኩል የምትቀላቅለውን የብረት ኢፖክሲ ከውስጥም ከውጭም አልፎ እንዲይዝ አድርገህ ሙላ። የውስጡ ከፍ ካለ ክራንኩ ይመታዋል፣ ሲደርቅ በእጅ አዙረህ እይ። 24 ሰዓት ተወው። ከገጠምክ በኋላ በእጅ ፓምፕ ትንሽ አየር አስገብተህ የሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው ካበጠ ሀ ብለህ ጀምር።

ከጎርጎራ፦ ዘይቱ ስንት ይሁን? ባለቤቴ በዓይኑ ነው የሚመጥነው።

እህቴ፣ ዓይን ሚዛን አይደለም። መመሪያው 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለ20 ሊትር ጀሪካን ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ነው፣ የጀልባ ቱ ስትሮክ ዘይት፣ የመኪና ዘይት አይደለም። መለኪያ ግዢለት።

ከደቅ፦ እምቦጭ ውስጥ ስገባ ከኋላ የሚረጨው ውሃ ይቆማል።

ወዲያው አጥፋው፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው እሱ ውሃ ነው። ውሃ የሚገባበትን የታችኛውን ወንፊት አጽዳ።

ከዝዋይ፦ ጋሼ፣ የኔ ቀዳዳ አውራ ጣት ያስገባል። ውስጥ ቢዬላው ይታየኛል።

ይሄ በስልክ አይመለስም፣ ኢፖክሲም አትግዛ። ሞተሩን አውርደህ ባለሙያ ጋ ውሰደው፣ የተሰባበረውንም ለቅመህ በፌስታል ያዝለት። ቀዘፋውን አዘጋጅ፣ ትንሽ ጊዜ በእሱ ነው የምትሄደው።