ክላስተሩ ጠፋ፣ ቢሉ ቀረ

እሷ፦ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ዛሬም ከባህር ዳር ነን፣ ጣና ዳር ስለሆነ የምንቀዳው ነፋሱ ከተሰማችሁ እሱ ነው። የማንፈልገውን የኩበርኔትስ ክላስተር፣ ማለት ፕሮግራሞቻችንን አብረው የሚያስኬዱ ሰርቨሮች ስብስብ፣ ክላውድ ላይ ስለማጥፋት ነው የምናወራው።

እሱ፦ እኔ እኮ ዲሊት ካልኩት አለቀ ብዬ ነበር። ለቴስት ያቆምናትን ክላስተር ማታ አጥፍቼ ተኛሁ፣ ወሩ ሲያልቅ ቢሉን ስከፍተው አንድ ሎድ ባላንሰር፣ ከውጭ የሚመጣውን ትራፊክ የሚያከፋፍለው፣ እና ሁለት ዲስክ ሲቆጥሩ ከርመዋል፣ በዶላር!

እሷ፦ ክላስተሩ ግን የለም።

እሱ፦ የለም። የዲስኮቹ ስም ደግሞ ፒቪሲ፣ ክላስተሩ ውስጥ የዲስክ መጠየቂያው ማለት ነው፣ ብሎ ይጀምርና ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፣ የዳታቤዙ ይሁን የምኑ በምን ልወቅ? ለመሰረዝ እጄ ፈራ።

እሷ፦ የሰርግ ዳስ በለው። ደብረ ማርቆስ እኛ ሰፈር ሰርግ ሲኖር ድስቱም ወንበሩም ብርጭቆውም ከእድር ነው የሚመጣው፣ እና እቃውን የተረከበችው ሴትዮ እያለች ነው ተቆጥሮ የሚመለሰው፣ እሷ ከሄደች የቱ ድስት የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ክላስተሩም ውስጥ ያቺ ሴትዮ አለች፣ ኮንትሮለሩ ማለት ነው፣ ሎድ ባላንሰሩን ከክላውዱ የተቀበለው እሱ ነው መላሹም እሱ ነው።

እሱ፦ እኔ መጀመሪያ እሷን ነዋ ያሰናበትኩት።

እሷ፦ አዎ ወንድሜ። ክላስተሩ ቆሞ እያለ ኩብሲቲኤል ጌት ሰርቪስ በሚለው ትእዛዝ ሁሉንም ኔምስፔስ፣ የክላስተሩን ክፍልፋዮች ማለቴ ነው፣ እይ፣ ታይፑ ሎድ ባላንሰር የሆነውን ሰርዝ፣ ኢንግረስ፣ ከውጭ የሚገባውን የድር ጥያቄ የሚመራው ደንብ፣ ካለም እሱን፣ ከዛ ፕሮግራሙን የሚያስኬደውን ዲፕሎይመንቱን፣ ከዛ ፒቪሲውን። ፖድ፣ ማለት እየሰራ ያለው ፕሮግራም፣ እየተጠቀመበት ከሆነ ፒቪሲው ተርሚኔቲንግ ብሎ ይቆማል አይጠፋም፣ አትደንግጥ። ሁሉም ከክላውዱ ኮንሶል ላይ እስኪጠፋ ጠብቀህ ነው ክላስተሩን የምትነካው።

እሱ፦ ዲስኩ ሁሌ አብሮ ይሄዳል?

እሷ፦ ሪክሌም ፖሊሲው፣ ፒቪሲው ሲሰረዝ ዲስኩ ምን ይሁን የሚለው ደንብ፣ ዲሊት ከሆነ ይሄዳል፣ ሪቴይን ከሆነ ይቀራል በእጅህ ታጠፋዋለህ። ዲሊት ከሆነ ግን በናትህ ባክአፕ ሳትይዝ እንዳትነካው!

እሱ፦ ዝም ብሎ መተውም አይሆንም እኮ፣ የአማዞን የኩበርኔትስ አገልግሎት ኢኬኤስ ላይ ምንም ሳይሰራበት ኮንትሮል ፕሌኑ፣ ክላስተሩን የሚመራው ክፍል፣ ብቻ በሰዓት 0.10 ዶላር ነው፣ በወር ወደ 73 ይጠጋል፣ ለእኛ ብዙ ነው።

እሷ፦ ብዙ ነው። ዲስኮቹን ታዲያ ምን አደረግካቸው?

እሱ፦ አንዱን ሰርቨር ላይ አያይዤ ከፈትኩት፣ ሎግ ብቻ ነው፣ አጠፋሁት። ሌላኛው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሆኖ ተገኘ፣ ስናፕሾት፣ የዲስኩን ቅጂ፣ ይዤለታለሁ፣ ነገ ከልጆቹ ጋር ከፍተን እናየዋለን።