«እኔ» ፆታ የለውም

እንደምን አመሻችሁ!

እዚህ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባል ቦታ ስለ ፍቅር ለማውራት ማይክ መያዝ ትንሽ ያሳፍራል። እዚህ ዳርቻ ላይ ያልተወራ የፍቅር ወሬ የለም። ስለዚህ በሰዋስው ልጀምር፤ ታገሱኝ።

አማርኛ «አንተ»ን ከ«አንቺ»፣ «መጣ»ን ከ«መጣች» ይለያል። «እኔ» ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። «ወደድኩ»፣ «ፈራሁ»፣ «አለቀስኩ»። ያለቀሰው ማን ነው? ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይናገርም። ከወረቀቱ ግርጌ ስም የምንፈልገው እኛ ነን።

ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ እናቴ «ነይ እስቲ፣ ግንባርሽን ልየው» ትለኝ ነበር። ወንድ ልጇ ነኝ። ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ ማቆላመጥ በብዙዎቻችሁ ቤት ያለ ነው። አንድ ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ እየጠበቁ ቆመዋል። የክፍሌ ልጆች አጠገባችን ነበሩ። እናቴ ዓሣውን እየፈለፈለች «ቀስ በይ፣ እሾህ እንዳይወጋሽ» አለችኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ትምህርት ቤት ለ2 ሳምንት ስሜ «ቀስ በይ» ሆነ።

ማታ «ሁለተኛ እንደዚያ እንዳትዪኝ» አልኳት። ቃሏን ጠበቀች። እስክትሞት ድረስ «ና» ብቻ። ያቺን «ነይ» ፍለጋ የጀመርኳት ግጥም እስካሁን አላለቀችም።

እኛ ወንዶች ሲከፋን ሰምና ወርቅ ውስጥ እንገባለን። ቅኔ ትልቅ ጥበብ ነው፤ እማሆይ ገላነሽን የመሰለች መምህርት ያየንበት። ግን መደበቂያም ይሆናል። አልቃሿ «ልጄን!» ብላ ደረቷን ትመታለች። ፎካሪው ገዳይነቱን ይነግረናል እንጂ ሌሊት ምን እንደሚያባንነው አይነግረንም።

ደግሞ «አንተ» ሲባልም «አንቺ» ሲባልም በልኩ ያልተሰፋ ልብስ የለበሰ ያህል የሚጨንቀው ሰው አለ። እሱም «እኔ» ሲል ይተነፍሳል። አያችሁ፣ «እሱ» አልኩ! አማርኛ አያስመልጥም።

ዛሬ ማታ የሚነበቡት፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት 9 ግጥሞች የጸሐፊ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ቁጥር 1ን የጻፈው... የጻፈችው... «ና» ልበል «ነይ»?

በአንቱታ ልገላገል። ይምጡ፣ ማይኩ ይኸው።