ጠቋሚዎቹ ለምን አበሩ? የጨረታ ሰዓት ጋቢ ውስጥ

መቅደስ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነን። ጠዋቱ እንደ ልማዱ ብርዳም ነው፤ የሰዓት ጠጋኙ ጋሽ ደረጀም ጋቢያቸውን አላወለቁም።

ደረጀ፦ ጋቢው ዛሬ ሥራ አለው። ቆይተሽ ታያለሽ።

መቅደስ፦ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ኦሜጋ የተባለው የስዊስ ኩባንያ የሠራት፣ ሲማስተር የምትባል የእጅ ሰዓት ናት። ታላቅ ወንድሜ ውጭ አገር በጨረታ ገዝቶ ለአባታችን ላካት። መግለጫዋ «ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል» ይላል። ስንት ወር አጠራቅሞ እንደገዛት ስለማውቅ፣ ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ለአባባ ከማድረሴ በፊት ለእርስዎ ላሳያት አልኩ።

ደረጀ፦ ደግ አደረግሽ። ሰው ሰዓት ይዞ ሲመጣ «ኦሪጅናል ናት ወይ?» ይለኛል፤ ፎርጅድ አይደለችም ወይ ማለቱ ነው። በጨረታ ለተገዛች አሮጌ ሰዓት ግን ጥያቄው ይህ ብቻ አይደለም። ከፋብሪካ አብረው የወጡት ቀፎ፣ ማሽን፣ ፊት፣ ጠቋሚና መሙያ ዛሬም አብረው ናቸው ወይ? እያንዳንዱ ዕቃ የኦሜጋ ሆኖ ሰዓቷ ግን ከሦስት ሰዓት የተለቃቀመች ልትሆን ትችላለች።

መቅደስ፦ እሺ፣ ይክፈቷት።

ደረጀ፦ (ክዳኑ ሲከፈት ይሰማል) ተመልከች፤ ማሽኗ የመዳብ መልክ አላት። የዚያ ዘመን ኦሜጋ እንዲህ ነው። 565 የሚል ቁጥር አለባት፤ የማሽኑ ዓይነት ነው። መለያ ቁጥሯ በ24 ይጀምራል፣ ስምንት አሃዝ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ አጋማሽ አለፍ ያለ ጊዜ ማለት ነው። አሁን ክዳኑን ገልብጪው። ምን ይላል?

መቅደስ፦ 166፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ሌላ ቁጥር።

ደረጀ፦ 166 ራሷን በራሷ የምትሞላ፣ ቀን የምታሳይ የወንድ ሰዓት ናት። ማሽኑም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ቀፎውና ማሽኑ ይስማማሉ። ከክዳኑ ውጭ የተቀረጸው የባሕር ፈረስ ምስል ደግሞ የጀርባው መስመር አልጠፋም። ብዙ የተሞረደች ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚሟሟው እሱ ነበር። በወጣትነቴ «አዲስ ትምሰል» ተብዬ የስንቱን ቀፎ ጠርዝ ሞርጃለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የተሞረደ ብረት አይመለስም።

መቅደስ፦ የሰከንድ ጠቋሚዋ ስትንሸራተት አይቼ እኔ አምኜ ነበር። ሰው ሁሉ «ዘለል ዘለል ካለች ፎርጅድ ናት» ይላል።

ደረጀ፦ እሱ የሚነግርሽ ባትሪ አለመሆኗን ብቻ ነው። ይህች በሰዓት 19,800 ጊዜ ትመታለች፤ በሰከንድ አምስት ተኩል። ርካሹ ቅጂም አውቶማቲክ ከሆነ ይንሸራተታል፤ በእሱ አትፍረጂ። ይልቅ አጉሊውን ዓይንሽ ላይ አድርጊና የመስታወቱን እምብርት እይ። ወደ ብርሃኑ አዘንብያት።

መቅደስ፦ ምን ልፈልግ?

ደረጀ፦ ከሰናፍጭ ቅንጣት የምታንስ የኦሜጋ ምልክት። የጥንቱ የፕላስቲክ መስታወታቸው መሐል ላይ ትቀረጻለች።

መቅደስ፦ ... የለችም።

ደረጀ፦ የለችም። መስታወቱ ተቀይሯል ማለት ነው። ይህ ቀላል ነው፤ መስታወት ይቧጨራል፣ ይቀየራል። ፊቷን ደግሞ እኔ አየሁት፤ የፊደሎቹ ጠርዝ ስል ነው፣ የደቂቃ መስመሮቹም አልተዛነፉም። እንደገና የተቀባ ፊት ፊደሉ ያብጣል። ከታች በ6 ቁጥር ግርጌ ምን ተጽፏል?

መቅደስ፦ ስዊስ ሜድ። ግራና ቀኙ ላይ «ቲ» ፊደል አለ።

ደረጀ፦ ቲ ትሪቲየም ነው፤ በጨለማ እንዲያበራ የሚቀቡት። ትሪቲየም በ12 ዓመት ከምናምን ግማሹ ያልቃል። ይህች ወደ 60 ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ ከ30 እጅ አንድ እጅ ያህል ቢቀራት ነው። አሁን መብራት ላይ ያዣት፣ ከዚያ ነይ ጋቢው ውስጥ ግቢ።

መቅደስ፦ (ከጋቢው ውስጥ) ጋሽ ደረጀ! ጠቋሚዎቹ አረንጓዴ ሆነው ቦግ ብለዋል። ፊቷ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ግን ድርግም ብለው ጠፍተዋል።

ደረጀ፦ ትንሽ ቆዪ። አሮጌው ቀለምም ብርሃን ካየ ለአፍታ ብልጭ ሊል ይችላል።

መቅደስ፦ አሁንም ያበራሉ። ነጠብጣቦቹ የሉም።

ደረጀ፦ እንግዲያው ጠቋሚዎቹ ከፊቷ ጋር አልተወለዱም። ወይ ተቀይረዋል፣ ወይ አዲስ ቀለም ተቀብተዋል። ሌባ ሠራት ማለቴ አይደለም፤ ለጥገና የገባች ሰዓት አዲስ ጠቋሚ ይደረግላት ነበር። ግን «ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል» ብሎ ማስከፈል ሌላ ነገር ነው።

መቅደስ፦ ወረቀት ቢኖራትስ? የኩባንያው ማረጋገጫ?

ደረጀ፦ የኩባንያ መዝገብ ይህ ቁጥር መቼ፣ በየትኛው ሞዴል ወጣ ይልሻል። ጠቋሚው ትናንት ይቀየር ዛሬ አያውቅም። ደግሞ መዝገቡን የያዘው ሰው ራሱ ቢሳሳት ወይ ቢያሳስትስ? እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ጄኔቫ ላይ ፊሊፕስ በተባለው ጨረታ ቤት አንዲት የ1957 ስፒድማስተር የተባለች የኦሜጋ ሰዓት ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠች። የገዛት የኦሜጋ ቤተ መዘክር ራሱ ነበር። በ2023 ኩባንያው ከተለያየ ሰዓት ተገጣጥማ የተሠራች ናት፣ የቀድሞ ሠራተኞቼም እጃቸው አለበት አለ። እነሱ ከተታለሉ እኔና አንቺ በወረቀት እንዴት እንተኛለን?

መቅደስ፦ ያስደነግጣል። የጃንሆይ ሰዓትም በጨረታ ጉዳይ ተነሥታ ነበር አይደል?

ደረጀ፦ ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የስዊስ ሰዓት ሠሪ የሠራት ናት። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ለጨረታ ልትወጣ ስትል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶ ቀረች፤ በ2017 ክሪስቲ የተባለው ጨረታ ቤት ጄኔቫ ላይ ወደ 2.9 ሚሊዮን ፍራንክ ሸጣት። እሷ ላይ ጥያቄው «የማን ናት?» ነበር። እሱንም መጠየቅ ነው፤ ከየት መጣች፣ ማን እጅ ቆየች።

መቅደስ፦ ወንድሜ አሁን ምን ያድርግ?

ደረጀ፦ ዛሬውኑ ይጻፍላቸው። የጨረታ ቤቶች ቅሬታ የሚቀበሉበት ቀን የተወሰነ ነው፤ ዋስትናቸውም ብዙ ጊዜ ፎርጅድ ለሆነ እንጂ ለተቀየረ ጠቋሚ አይደለም። ግን «ሙሉ በሙሉ» ብለው ጽፈዋልና ይጠይቃቸው። ፎቶ አንሺ፤ አንዱን በብርሃን፣ አንዱን በጨለማ። ሌላ ጊዜ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የማሽኑን፣ የክዳኑን ውስጥና የጨለማውን ፎቶ ይጠይቅ። ከገዛ በኋላ አይደለም፣ በፊት!

መቅደስ፦ እነግረዋለሁ። ለአባባስ ልውሰድለት?

ደረጀ፦ ቅዳሜ አትውሰጂያት። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ይኸው፣ በጥፍሬ ስነካው ይፈረፈራል። አባትሽ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ አስሯት ውሎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ እኛ ብርድ ውስጥ ሲገባ የታመቀው እርጥበት መስታወቱ ውስጥ ላብ ይሆናል። ያ ላብ ፊቷ ላይ ከወረደ፣ ይህ 60 ዓመት የተጠበቀ ጽሑፍ ያብጣል። ጎማውን ሰኞ እቀይረዋለሁ። ጠቋሚዎቹን ግን አልነካም፤ ወንድምሽ መልስ እስኪያገኝ እንዳሉ ይቆዩ።